የቀጥታ የስልክ ውይይት የጋራ መመሪያ፦ የሐዋሳ ማኅበረሰብ ሬዲዮ አዘጋጆች ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መብታችንን እናስቀድም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። አንድ ቢሮ «ከመተላለፉ በፊት እንስማው» ቢል ይህን ጠቅሰን በደብዳቤ እንመልሳለን።

ዜና ክፍል፦ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ግን በአዋጅ 1185/2012 የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። «ደዋዩ ነው የተናገረው» በሚል እንዳንዘናጋ። «የእርስዎ አስተያየት ነው» ብሎ የማለፍ ልማድ መቅረት አለበት። መስመሩ ይቆረጥ፤ ስድቡ ለማረሚያ ተብሎም እንዳይደገም።

ቴክኒክ፦ ለዚህ የ10 ሰከንድ ማዘግያ እንጻፍ፤ ድምፁ ለአድማጭ የሚደርሰው 10 ሰከንድ ዘግይቶ ነው፣ ስድብ ሲመጣ ሳይተላለፍ በቁልፍ ይሰረዛል። ቁልፉ አንዴ ከተጫነ የተጠራቀመው ሰከንድ ያልቃል፤ እስኪሞላ ሙዚቃ ይለቀቅ እንጂ ሌላ ደዋይ አይግባ። ስልክ ተቀባዩም «ሬዲዮዎን ይዝጉ» ሳይል መስመር አያሻግር፤ ደዋዩ ድምፁን ዘግይቶ እየሰማ ይደናገራል።

ሲዳሙ አፎ ፕሮግራም፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ይጨመርበት። ቁልፉ ላይ የሚቀመጠው ሰው ደዋዩ የሚናገረውን ቋንቋ የሚሰማ ይሁን። አለዚያ 10 ሰከንዱ ለጌጥ ነው።

ቴክኒክ፦ ልክ ብለሻል፣ ይግባ። የተላለፈው ፕሮግራም ቅጂስ? በሰከንድ 128 ኪሎቢት ሲቀዳ አንድ ሰዓት ወደ 58 ሜጋባይት ይይዛል። በቀን 12 ሰዓት፣ ለ90 ቀን 62 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ውድ ዕቃ አይጠይቅም። ፋይሉ በየሰዓቱ ይከፈል፤ መብራት ሲሄድ የሚበላሸው የዚያች ሰዓት ብቻ ይሆናል። አቤቱታ አቅራቢ «ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት» ሲል ኮምፒውተሩ 20 ብሎ መዝግቦታል። ስለዚህ በፋይሉ ስም ላይ ሁለቱም አቆጣጠር፣ ቀኑም ጭምር፣ ይጻፍ። የኮምፒውተሩ የእናት ሰሌዳ (ማዘርቦርድ) ባትሪ ሲደክም ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳልና በየሳምንቱ ይታይ። በተሳሳተ ሰዓት የተቀመጠ ቅጂ ክስ ሲመጣ እኛኑ ይጎዳል።

ሕግ ጉዳይ፦ ፖሊስ ቅጂ ሲጠይቅ በደብዳቤ ይሁን፤ ግልባጭ በፊርማ ይሰጥ፣ ዋናው ከጣቢያው አይውጣ። በአዋጅ 1238/2013 መሠረት በመገናኛ ብዙኃን በኩል ወንጀል ፈጽሟል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ለተጨማሪ ምርመራ ሳይታሰር ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ይህን ለተረኛ አዘጋጆች በአንድ ገጽ አትመን ስቱዲዮ በር ላይ እንለጥፍ። የደዋዮች ስልክ ቁጥር ደግሞ ማንም በሚያገላብጠው ደብተር ላይ አይሰፈር።

ዜና ክፍል፦ ስሙ የተነሳ ሰው መልስ ሲጠይቅ በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ሰዓት ይሰጠው። ማታ ብዙ ሰው የሰማውን ንጋት ላይ ማረም ማስተባበል አይባልም።

ሰብሳቢ፦ ሁሉም ይገባል። የቅጂው ዕድሜ 60 ይሁን 90 ቀን፣ እስከ ዓርብ ድምፅ ስጡ።

ቴክኒክ፦ 90። ዲስኩን እኔ አስተካክላለሁ።