የመጀመሪያ ትሪያትሎን፦ ከድሬዳዋ ሆኖ ለሚዘጋጅ ሰው ተገቢው ግብ ምን ያህል ነው?

የሳቢያኗ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁም። ድሬዳዋ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ዕድሜዬ 34 ዓመት ነው። ከአምስት ወር በኋላ በኬንያ የባሕር ዳርቻ በሚካሄድ አጭር ትሪያትሎን ለመሳተፍ ከአክስቴ ልጅ ጋር ተመዝግቤአለሁ፤ ርቀቱም 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ብስክሌት እንደ ብዙው የድሬ ልጅ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስነዳ ያደግሁ በመሆኔ በሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር በ50 ደቂቃ ግድም እጨርሳለሁ። 5 ኪሎ ሜትሩንም ማለዳ ከሆነ ሳልቆም በ32 ደቂቃ እሮጣለሁ። የሚያስጨንቀኝ ዋናው ነው። በሆቴል ገንዳ ከአንዱ ጠርዝ ተነሥቼ ሌላው ጠርዝ እደርሳለሁ፤ ከዚያ ግን ጠርዙን ይዤ ትንፋሼ እስኪመለስ ካልቆምሁ በስተቀር መመለስ አልችልም።

ያስቀመጥሁት ግብ ሦስቱንም በ1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ መጨረስ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ያንኑ ርቀት የጨረሰበት ሰዓት ስለሆነ መረጥሁት። ግቡ ተገቢ ነው ትላላችሁ? ሳምንቱን ለሦስቱ ስፖርቶች እንዴት ላከፋፍለው? ሐይቅም ባሕርም በአቅራቢያችን ስለሌለ፣ ሙቀታችንም የታወቀ ስለሆነ፣ ከአምስቱ ወራት አንዱም ረመዳን ስለሆነ፣ ይህን ሁሉ ግምት ውስጥ ያስገባ ምክር ብታካፍሉኝ በጣም አመሰግናለሁ።

አሠልጣኝ ከከዚራ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እርስዎ ራስዎ የሰጡንን ቁጥሮች እንደምር። ብስክሌቱ 50 ደቂቃ ነው። ሩጫው በትኩስ ጉልበት 32 ደቂቃ ከሆነ፣ ከብስክሌት በወረደ እግር 35 ወይም 36 ደቂቃ ይሆናል ብሎ መያዝ ይሻላል። ከዋና ወደ ብስክሌት፣ ከብስክሌት ወደ ሩጫ ሲሸጋገሩ ልብስና ጫማ ለመለወጥ ለጀማሪ 6 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ይህ ብቻ 1 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ሞላ፤ ገና አንድም ሜትር አልዋኙም። ጀማሪ ሰው 750 ሜትር ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ ከዋኘ ጥሩ ዋኘ ይባላል። ስለዚህ ባለዎት አቅም ላይ የቆመው ግብ ከ1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ነው፤ ይህም ለመጀመሪያ ተሳታፊ የሚያኮራ ውጤት ነው። የአክስትዎ ልጅ ሰዓት የእሱን የዓመታት ልምምድ የያዘ ስለሆነ ለእርስዎ መለኪያ ሊሆን አይገባም።

ከዚህም በላይ ግን የምመክርዎ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሰዓት ግብ የሚባለውን ጨርሶ ትተው የዋና ግብ ብቻ እንዲይዙ ነው። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ 100 ሜትር ሳይቆሙ፣ በሁለተኛው 300 ሜትር፣ በሦስተኛው 750 ሜትር ይዋኙ፤ ፍጥነቱ ምንም ይሁን። ገንዳው 15 ሜትር ከሆነ 750 ሜትር ማለት 50 ጊዜ ከጠርዝ ጠርዝ መሄድ ነው፤ በየጠርዙ ግድግዳውን ገፍተው ስለሚነሡ ግን ገንዳው ያግዝዎታል፣ ባሕሩ አያግዝዎትም። ስለዚህ እስከ ውድድሩ ድረስ በገንዳ 1,000 ሜትር ቢደርሱ ልብዎ ይረጋጋል።

ጠርዝ ላይ የሚያስቆምዎ ነገር የጉልበት ማነስ አይመስለኝም። ከገንዳ ዳር ቆሜ ጀማሪዎችን ስመለከት ሁልጊዜ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ፊታቸው ውኃ ውስጥ እያለ ትንፋሻቸውን አምቀው ይይዙና፣ አፋቸው ከውኃ በሚወጣባት አጭር ቅጽበት ማስወጣቱንም ማስገባቱንም በአንድነት ይሞክራሉ። ጊዜው ለሁለቱም አይበቃም፤ ደረታቸው ውስጥ ያረጀ አየር እየተጠራቀመ ይሄድና ከአንድ ርዝመት በኋላ ይታፈናሉ። ፊትዎ ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ ሳያቋርጡ አረፋ እያወጡ ይቆዩ፤ ሲዞሩ የሚቀርዎ ማስገባት ብቻ ይሁን። ይህን በመጀመሪያ ጥልቀት በሌለው ቦታ ቆመው፣ ጠርዙን ይዘው ይለማመዱት። ቀጥሎ ዐይንዎ ወደ ገንዳው ወለል ይመልከት፤ ራስ ወደ ፊት ቀና ባለ ቁጥር እግር ወደ ታች ይሰምጣል፣ የሰመጠን እግር እየጎተቱ መዋኘት ደግሞ ማንንም ያደክማል።

የሳምንቱ ክፍፍል ሦስት ቀን ዋና፣ ሁለት ቀን ብስክሌት፣ ሁለት ቀን ሩጫ ቢሆን መልካም ነው፤ ከሩጫዎቹ አንዱ ከብስክሌት እንደወረዱ ወዲያው የሚደረግ የ10 ወይም የ15 ደቂቃ ሩጫ ይሁን። አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት ይውሰዱ። በየአራተኛው ሳምንት መጠኑን ይቀንሱ፤ ውድድሩ ሲቃረብም የመጨረሻዎቹን አሥር ቀናት ያቅልሏቸው።

ነዋሪ ዘሐረር

ስለ ውኃ ዋናው በተባለው እስማማለሁ። የሰዓት ግብን ጨርሶ ስለ መተው ግን ጥቂት የተለየ ሐሳብ አለኝ። እህታችን በብስክሌት ልምድ ስላላት፣ በዚያ ብቻ 50 ደቂቃውን ወደ 47 ለማውረድ መሥራቷ ትጋቷን ይጠብቅላታል እንጂ አይጎዳትም። ዋና በጣም በዝግታ የሚሻሻል ነገር ነው፤ ሰው በአንድ ቦታ እንኳ ቁጥር ሲለወጥ ካላየ ይሰላቻል።

ይልቁንስ አጥብቄ የምናገረው ስለ መንገዱ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት ለዚህ ዝግጅት አትምረጪው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ግድም ላይ ናቸው፤ ዳገቱ ጉልበት ይሠራል፣ ነገር ግን ቁልቁለቱ ላይ ጠመዝማዛውን ከከባድ መኪናዎች ጋር መጋራት አለ፤ የምትወዳደሪበት የባሕር ዳርቻም ሜዳማ ነው። በእኛም በኩል ከሐረር ወደ አወዳይና ሐረማያ ያለው መንገድ ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ጊዜ ለመቅደም የሚሽቀዳደሙበት በመሆኑ ለብስክሌተኛ የሚመከር አይደለም። ከሳቢያን ወደ መልካ ጀብዱ ያለው ሜዳ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይበቃሻል። የጎማ ጥገና መሣሪያሽን ያዢ፤ በዚያ ሰዓት ክፍት ጎሚስታ አታገኚም።

ለሩጫ ብዙ ሰው የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ይመርጣል። በበጋ መልካም ነው። በክረምት ግን ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ በድንገት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰዎችን የወሰደብንን ሌሊት ማንም የአገሩ ሰው አይረሳውም። በዝናብ ወራት እባክሽ ወደ ወንዙ አትውረጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። እህታችን ትቅም አትቅም አላውቅም፤ ይህን ለሚያነብ የአገራችን ሰው ሁሉ ነው የምጽፈው። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍንም ይወስዳል። በሙቀት ውስጥ ለሚሠለጥን ሰው እነዚህ ሦስቱም በቀጥታ ይጎዱታል፤ ከቃመ በኋላ ብስክሌት ላይ ባይወጣ፣ ቅዳሜ ማለዳ ረጅም ልምምድ ያለው ሰውም ዓርብ ከሰዓት ባይቅም ይሻለዋል።

እማማ ዘለገሃር

ልጄ፣ ከአገር ውጭ በኖርሁበት ጊዜ በባሕር ትሪያትሎን ስለተሳተፍሁ ስለ ባሕሩ ልንገርሽ። ጨው ያለበት ውኃ ሰውነትን ያንሳፍፋል፤ ከገንዳው ይልቅ ቀላል መስሎ ይሰማሻል። የሚከብደው ከታች አቅጣጫ የሚያሳይ መስመር አለመኖሩና በመነሻው ላይ የብዙ ሰው እጅና እግር መነካካቱ ነው። ከፊተኞቹ ጋር አትግፊ፤ ከጎን ወይም ከኋላ ሆነሽ ጥቂት ሰኮንዶች ቆይተሽ ግቢ። አቅጣጫሽን ለማወቅ በየስድስት ወይም በየስምንት ቀዘፋው ዐይንሽን ብቻ ከውኃው በላይ አውጥተሽ ምልክቱን ተመልከቺ፤ ይህን ገንዳው ውስጥ ጠርዝ ላይ ጠርሙስ አቁመሽ መለማመድ ትችያለሽ። ልብሽ በድንጋጤ ከመታ በጀርባሽ ተንጋለሽ ተንፍሺ። በአብዛኛው የውድድር ሕግ ወደ ፊት እስካልተጎተትሽበት ድረስ የነፍስ አድን ጀልባ ይዞ ማረፍ የተፈቀደ ነው፤ ይህን ማወቅ ብቻውን ፍርሃትን ግማሽ ያደርገዋል። ቢቻልሽ ሁለት ቀን ቀድመሽ ደርሰሽ ባሕሩ ውስጥ ግቢ።

ሙቀታችን ያዘጋጅሻል፤ ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ያህል ይበቃዋል፣ አንቺ ደግሞ በውስጡ ነው የምትኖሪው። ነገር ግን የእኛ ሙቀት ደረቅ ነው፣ ላብ ወዲያው ይተናል፤ በባሕር ዳርቻ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላብ ሰውነት ላይ ይቀራል፣ ሰውነትም አይበርድም። ስለዚህ ሩጫውን ድሬ ላይ ከለመድሽው ፍጥነት ቀስ ብለሽ ጀምሪ።

በረመዳን ደረጃሽን መጠበቅ እንጂ ማሳደግ አትሞክሪ። ከመግሪብ በፊት ባለው የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት ቀለል ያለ ሩጫ፣ ከኢፍጣር አንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ገንዳው ክፍት ከሆነ ዋና ይበቃል። ጠንካራውንና ረጅሙን ብስክሌት ለሌላው ወር አቆዪው። ቴምርና በሶ ለፆመኛ ሯጭ እጅግ የሚስማሙ ናቸው። ሰውነትን የሚሸፍን የዋና ልብስ የምትለብሺ ከሆነ አዘጋጆቹን አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ልምምድሽንም በዚያው ልብስ አድርጊው፣ ውኃ የያዘ ጨርቅ ስለሚጎትት በውድድሩ ቀን እንግዳ ሊሆንብሽ አይገባም።

የሳቢያኗ መምህርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ድምሩን ራሴ ደግሜ ሠራሁትና 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃውን ትቻለሁ። ግቤ አሁን 750 ሜትሩን ሳልቆም መዋኘት፣ ብስክሌቱን ወደ 48 ደቂቃ ማውረድ፣ ሩጫውን ሳልራመድ መጨረስ ነው። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ያለኝ ማርሽ ያለው ተራ ብስክሌት ነው፤ የውድድር ብስክሌት መግዛት ግዴታ ነው?

አሠልጣኝ ከከዚራ

ግዴታ አይደለም። ፍሬኑ የሚይዝ፣ የመሪው ጫፎች የተደፈኑ፣ ጎማው ደህና የሆነ ብስክሌት ይበቃል። ለጀማሪ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው የኮርቻው ከፍታ ነው፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትዎ በትንሹ ብቻ መታጠፍ አለበት። ገንዘብ ካለዎት ለሄልሜት ያውሉት፤ ያለ እሱ አያስነሡዎትም። የሄልሜቱን መቆለፊያ ብስክሌቱን ከማቆሚያው ከማንሣትዎ በፊት መቆለፍ፣ ሲመለሱም ብስክሌቱን ካቆሙ በኋላ ብቻ መክፈት አለብዎት፤ ይህን ቅደም ተከተል የሳተ ተወዳዳሪ ስለሚቀጣ ከዛሬ ጀምሮ በእያንዳንዱ ልምምድ እንዲሁ ያድርጉት።