በጠብ የተያዘ ተማሪ ከትምህርት ቤት ይሰናበት? የድሬዳዋ ወላጆችና መምህራን ክርክር

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ፣ በቡድን የተደባደበ ወይም ስለት ይዞ የተገኘ ተማሪ ይሰናበት ወይስ አይሰናበት የሚል ነው። ጥያቄውን ያቀረቡት የሳቢያን ሰፈር ወላጅ ይጀምሩልን።

ወላጅ፣ ሳቢያን፦ እኔ ይሰናበት ባይ ነኝ። አንድ ልጅ ሰንጢ ይዞ ክፍል ከገባ ሌሎቹም ራሳቸውን ለመከላከል ሲሉ መያዛቸው አይቀርም፤ የእሱን የመማር መብት ስናስከብር የክፍል ጓደኞቹን ደኅንነት አሳልፈን እንዳንሰጥ እፈራለሁ። ጫቱም ልጆቻችንን እያበላሸ መሆኑ ሊደበቅ አይገባም።

መምህር፣ ከዚራ፦ ስጋትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን የተሰናበተው ልጅ የሚውለው የት ነው? በር ላይ ቆሞ የትናንት ባላንጣውን ይጠብቃል፤ ጠቡም ዘበኛ ከሚገላግልበት ግቢ ወጥቶ ማንም ወደማይደርስበት ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይወርዳል። ጫትን በተመለከተ እኔን የሚያሳስበኝ ከቅጠሉ ይልቅ ሰዓቱ ነው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ቀትር ላይ ይለቀቃል፤ በዚያው ሰዓት ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ ሱቁን ይዘጋል፣ አባወራውም ጫት ሊቅም ባርጫ ላይ ይቀመጣል (ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ እኔም እቀመጣለሁ)። በዚህ መሐል ልጁን የሚያየው ዐዋቂ ስለማይኖር በሰፈር ስም የተሰባሰበው ቡድን አባትም ዳኛም ይሆነዋል፤ ማታ በስልክ የተለጠፈችው ስድብ የአንድ ልጅ ጉዳይ መሆኗ ይቀርና በነጋታው የሁሉም ደም መላሽነት ትሆናለች።

የሕግ ባለሙያ፣ ለገሃሬ፦ መምህሩ ያነሱትን ሰዓት ሕጉም አስቦበታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ዓመት ለሆኑ አጥፊዎች የተለየ ሥርዓት ሲዘረጋ፣ ጥፋቱ ቀላል ከሆነና ልጁ ይታረማል ተብሎ ከታመነ በዕረፍት ሰዓቱ ወይም በበዓል ቀን በትምህርት ቤት ወይም በቤቱ ተወስኖ ለዕድሜው የሚመጥን ሥራ እንዲሠራ ፍርድ ቤቱ ሊያዝዝ እንደሚችል ደንግጓል። ስለዚህ ሕጉ ትምህርት ቤትን የሚያየው አጥፊ እንደሚባረርበት ሳይሆን እንደሚታረምበት ቦታ ነው።

ወላጅ፣ ሳቢያን፦ የ16 ዓመቱስ? ሰንጢ የሚይዙት ትልልቆቹ ናቸው እኮ።

የሕግ ባለሙያ፣ ለገሃሬ፦ ከ15 እስከ 18 ያለው በመደበኛው ድንጋጌ ይጠየቃል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል።

ነርስ፣ አዲስ ከተማ፦ የስኮትላንዷ ግላስጎው በወጣት ቡድኖች ጩቤ ስትቸገር ፖሊስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለዚሁ የተለየ ክፍል አቋቁሞ ነበር። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የቡድን አባላት ፍርድ ቤት ድረስ እየተጠሩ፣ ከቀጠሉ መላው ቡድን እንደሚጠየቅ፣ ካቆሙ ግን ሥልጠናና ሥራ ለማግኘት እንደሚታገዙ ይነገራቸው፣ ልጇን በጠብ ያጣች እናትም ፊታቸው ቆማ ትናገር ነበር። እኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚጠራው ደም ከፈሰሰ በኋላ ለዕርቅ ነው፤ ዛቻው እንደተሰማ ቢጠራ እኔ ቁስል የምሰፋበት ቀን ይቀንስ ነበር።

ወላጅ፣ ሳቢያን፦ በቡጢ ለተጣላው ሐሳባችሁን እቀበላለሁ፤ ከቀትር በኋላ ግቢው ክፍት ሆኖ ኳስም ጥናትም ይኑር፣ ተራ ገብተን እንጠብቃለን። ስለት የያዘው ግን ቢያንስ ወላጁና ሽማግሌ ቀርበው ዋስ እስኪሆኑለት ድረስ ክፍል መግባት የለበትም።

መምህር፣ ከዚራ፦ በዋሱ እስማማለሁ፤ ዋስ እስኪገኝ ድረስ ባሉት ቀናት ልጁን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ግን አሁንም አልነገሩንም።