2019 ካስኬዲያ ትራክ፣ 610 ሺህ ማይል፦ ልግዛው ወይስ ልተወው?

የአውሮራው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ካወጣሁ 3 ዓመት ሆነኝ። እስካሁን የነዳሁት ለካምፓኒ ነው፤ አሁን የራሴን ትራክ ልገዛ ነው። ያየሁት 2019 ፍሬይትላይነር ካስኬዲያ ነው። ሞተሩ ዲዲ15፣ ማርሹ ዲቲ12 ኦቶማቲክ። 610 ሺህ ማይል ሄዷል። ሰውዬው 42 ሺህ ዶላር ይላል። እኔ ያለኝ 25 ሺህ ነው። ወርሃዊው እንዲቀልልኝ 20 ሺሁን ዳውን ፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) ልከፍል አስቤያለሁ።

ቀለሙ አዲስ ነው፣ ጎማው አዲስ ነው፣ መኝታው ንጹህ ነው። ጓደኛዬ ግን "ዴፍ (የጭስ ማጽጃ ፈሳሽ) ያለው ትራክ አትንካ፣ የድሮ ፒተርቢልት ፈልግ" ይለኛል። ሁለት ልጆች አሉኝ። ተሳስቼ የምመለስበት አቅም የለኝም። ምን ትሉኛላችሁ?

ባለ ቮልቮው

እኔ ቮልቮ ቪኤንኤል ነው የምነዳው፤ ደስተኛ ነኝ። ግን በስሙ አትጨነቅ። በምትሄድበት መስመር ላይ ዕቃው ይገኛል ወይ? ጥያቄው እሱ ነው። ካስኬዲያ በዚህ አይታማም፤ ዕቃው የትም አለ፣ የሚያውቀው መካኒክም ብዙ ነው።

የአሰብ መንገድ

የአውሮራው ልጅ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከትራኩ ይልቅ ያቺ 20 ሺህ ዶላር ናት ያሳሰበችኝ።

እኔ መኪና የተማርኩት በአባቴ ፊያት 682 የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ነው፣ በአሰብ መንገድ። ሚሌ ላይ መኪናው እምቢ ሲል አባቴ ይወርዳል፣ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ይጥላል፣ ከዚያ "ኖዝል ነው" ይለኛል። ኖዝል ይሆናል። እኔም እዚህ አገር የመጀመሪያ ትራኬን የገዛሁት በጆሮዬ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ቀለሙም ያብረቀርቃል። ያለኝን ሁሉ አራግፌ ከፈልኩ። እጄ ላይ የቀረው 1,800 ዶላር ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ዋዮሚንግ ውስጥ፣ አይ-80 ላይ፣ ራውሊንስ ልደርስ ስል ቢጫ መብራት በራ። ትንሽ ቆይቶ ቀዩ ተከተለ። ነዳጅ ብረግጥም ትራኩ አልሰማ አለኝ፤ ራሱን በሰዓት 5 ማይል ላይ አሰረ። ነፋሱ ትሬለሩን ይንጠዋል። እየተሳብኩ ዳር ይዤ አቆምኩ። ጎታች መኪና (ቶው) እስኪመጣ አራት ሰዓት ጠበቅኩ። ጋራዥ ሲከፈት ኢጂአር ኩለሩ (ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን ጭስ የሚያቀዘቅዘው) ተሰንጥቋል፤ ኩላንቱ (የማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ወደ ጭስ መስመሩ ወርዶ ዲፒኤፉን (የጥላሸት ማጣሪያውን) አበላሽቶታል። ሂሳቡ ከ11 ሺህ ዶላር አለፈ። 19 ቀን ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። የትራኩ ክፍያና ኢንሹራንሱ ግን ቀናቸውን ጠብቀው መጡ። እህቴ ባታበድረኝ ኖሮ ትራኩን ይወስዱት ነበር።

የሸጠኝ ሰው ይወቅ አይወቅ ዛሬም አላውቅም። ኮምፒውተሩን ባስነብበው ኖሮ ግን ይነግረኝ ነበር።

ስለዚህ ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ ፈልግና የኢሲኤም (የሞተሩ ኮምፒውተር) ሪፖርት አስወጣ። መጀመሪያ የምታየው ሞተሩ ቆሞ የሠራበትን ሰዓት ነው። 610 ሺህ ማይል ሀይዌይ ላይ የተሄደ ከሆነ አያስፈራም። የሚያስፈራው ክረምቱን ሙሉ ፓርኪንግ ላይ ሲንተከተክ ያደረ ሞተር ነው። ቆሞ ሲሠራ ጭሱ በደንብ አይግልም። ካልጋለ ጥላሸቱ አይቃጠልም፤ ዲፒኤፉ ይደፈናል። ቆሞ ስንት ጊዜ ሪጀን (ማጣሪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ጥላሸት ማቃጠል) እንዳደረገም እይ። ቶሎ ቶሎ የሚያደርግ ከሆነ ትተኸው ሂድ።

የሞተር ዘይቱን ናሙና ላብራቶሪ አስልክ። ኩላንት ወደ ዘይቱ እየገባ ከሆነ ሶዲየምና ፖታሲየም ከፍ ብሎ ይታያል። እዚያው ቆመህ ደግሞ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍታና ገልብጠህ ቀዳዳው ላይ አስቀምጠው። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ደግ ነው። እየዘለለ ከወደቀ ፒስተኑ ጋ ጋዝ እያለፈ ነው ማለት ነው። ይህ የመንገድ ዘዴ ነው፤ ምርመራውን አይተካም።

ጓደኛህ የሚልህ ይገባኛል። የድሮው ቀላል ነው። ሞተሩ ከ2000 ሞዴል በፊት ከሆነ ኢኤልዲም (የመንዳት ሰዓት መመዝገቢያ መሣሪያ) አይጠየቅም። ግን ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ከ2010 በታች ሞተር አታስገባም፤ ከእናንተ አካባቢ፣ ከዴንቨር ለሚነሳ ሰው ያንን መስመር ማጣት ቀላል አይደለም። ነዳጁንም አስላው። በዓመት 100 ሺህ ማይል ብትነዳ፣ በጋሎን 6 ማይል በሚሄደውና 7.5 በሚሄደው መካከል ያለው ልዩነት 3,300 ጋሎን ገደማ ነው። ጋሎኑ 4 ዶላር ቢሆን ከ13 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ለልጆችህ የሚሆን ገንዘብ ነው።

እና ዳውኑን ቀንስ። 10 ሺህ ክፈል፣ 15 ሺሁ ለብልሽት ባንክ ይቀመጥ። ወርሃዊው ቢከብድህም ትሠራለህ፤ ትራኩ ቆሞ ግን ምንም አትሠራም። ከዚያች ላይ አንድ ነገር ብቻ ግዛ፣ ለመኝታው የናፍጣ ማሞቂያ። ማታ ሞተር ሳታስነሳ ትተኛለህ።

የሹፌር ሚስት

ጋሼ ስለ ትራኩ ጨርሰውታል። እኔ የባሌን ሂሳብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምር። ወንድሜ፣ በራስህ ኦቶሪቲ (የማጓጓዣ ፈቃድ) ነው የምትገባው ወይስ ካምፓኒ ላይ ሌዝ ልታደርግ (ትራክህን በእነሱ ፈቃድ ሥር ልታሠራ)? መንግሥት ቢያንስ የ750 ሺህ ዶላር ላየቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል ኢንሹራንስ) ይጠይቃል፤ ጭነት የሚያገናኙት ብሮከሮች ግን በአብዛኛው አንድ ሚሊዮን ካላዩ ሎድ (ጭነት) አይሰጡም። ለአዲስ ኦቶሪቲ ያ ኢንሹራንስ በጣም ውድ ነው። እኛ የመጀመሪያውን ዓመት ሌዝ አድርገን ነው ያለፍነው።

ሌዝ ከሆነ ውሉን ሳታነብ አትፈርም። በፐርሰንት የሚከፍሉህ ከሆነ የሎዱን የክፍያ ቢል ቅጂ የማየት መብት አለህ። ወረቀትህን ካስገባህ በ15 ቀን ውስጥ መክፈል አለባቸው። ስትወጣ ደግሞ ኤስክሮው (የመያዣ ገንዘብ) ያስያዝከውን ሂሳብ አድርገው ቀሪውን በ45 ቀን ውስጥ ይመልሳሉ። ይህ የፌዴራል ደንብ ነው። እኛን አንድ ካምፓኒ ለወራት ሲያመላልሰን ደንቡን ጠቅሼ ኢሜይል ከጻፍኩ በኋላ ነው ገንዘባችን የመጣው።

የአውሮራው ልጅ

ጋሼ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ሪፖርቱን አስወጣሁ። ከሞተሩ ሰዓት ቆሞ የሠራው 41 ፐርሰንት ነው። መካኒኩ ዝም ብሎ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። ሰውዬውን አመስግኜ ሄድኩ።

ሌላ አይቻለሁ። 2020 ነው፣ 690 ሺህ ማይል፣ ቆሞ የሠራው 14 ፐርሰንት። የኮፈኑ ቀለም ተላልጧል። ባለቤቱ የየጥገናውን ደረሰኝ በፌስታል ይዞ ነው የመጣው፤ ኢጂአር ኩለሩ ባለፈው ዓመት ተቀይሯል። ክዳኑንም ገልብጬ አስቀመጥኩት፣ አልዘለለም። የዘይቱ ውጤት ሐሙስ ይደርሳል።