ከ50 በላይ ስነዳ ከሥር የሚያጉረመርም ላንድክሩዘር፦ ዲፈረንሻል ነው?

የሞላሌው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው የድሮ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ነው፤ 75፣ ሞተሩ 1ኤችዜድ፣ የ1992 እ.ኤ.አ. ስሪት። ከሞላሌ በመዘዞ ጣርማ በር ወጥቼ ደብረ ብርሃን ገብስና በግ አደርሳለሁ። ኮረኮንቹ ላይ ምንም አይሰማኝም፤ መንገዱ ራሱ ስለሚጮህ ይሆናል። አስፋልት ይዤ 50 ካለፍኩ ግን ከሥሬ ሩቅ እንዳለ ወፍጮ ማጉረምረም ይጀምራል፤ 70 ላይ አጠገቤ ካለው ሰው ጋር የምናወራው እየተጯጯህን ነው። ፍሪሲዮን ብረግጥም፣ ማርሽ ባወጣም ያው ነው። አንድ ጋራዥ ወስጄው ሰውየው ሳይነዳው፣ መኪናው እንደቆመ አዳምጦ «ዲፈረንሻሉ አልቋል፣ ሙሉውን ቀይር» አለኝ፤ ዙሩን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን ማለቱ ነው። የፊቱ ነው የኋላው ብለው «ሲፈታ ይታያል» አለ። ዋጋውን ታውቁታላችሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አንኮበሬው፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጎማህን በእጅህ ዳብሰው። ጥርሱ ከፍ ዝቅ እያለ ከተበላ አስፋልት ላይ ይጮሃል። የፊቱን ወደ ኋላ አዙረህ ንዳው፤ ድምፁ ቦታ ከቀየረ ጎማ ነው፣ ሌላ ነገር አታስፈታ።

ባለመፍቻው፦
አንኮበሬው ልክ ነው፣ ከጎማ ጀምር። ጎማ ሳይዞር የሚጮህ ዲፈረንሻል ግን እኔ በዚህ ዕድሜዬ አላየሁም፤ እንደቆመ ሰምቶ ለሚፈርድ ሰው መኪናህን አትስጥ።

ልጄ፣ ማርሽ አውጥተህም ካልተለወጠ ሞተሩንና ፍሪሲዮኑን ተዋቸው። የቀረው ከጎማው ጋር የሚዞረው ነው፤ የጎማ ኩሽኔታ፣ ትራስሚሽን (ዙሩን ወደ ዲፈረንሻሉ የሚወስደው ረጅሙ ዘንግ)፣ ዲፈረንሻል። አሁን የሚለይልህ የፊት ሃብህ ነው፤ የፊት ጎማውን ከዲፈረንሻሉ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው (ሎክ) ወይም የሚለየው (ፍሪ) መቆለፊያ። ስንቱ የመንዝ ሾፌር ነው ክረምት ሲገባ ሎክ አድርጎት እስከ ጥር የሚረሳው! ወርደህ ሁለቱንም ፍሪ አድርግና ኤች2 (የኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳበት) ላይ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ብርሃን ንዳው። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ የፊት ዲፈረንሻል ወይም የፊት ትራስሚሽን ክሮቼራ (የዘንጉ መተጣጠፊያ) ነው፤ ሃቡ ፍሪ ሲሆን እነሱ አይዞሩምና። ካልጠፋ የፊቱን ዲፈረንሻል እርሳው።

ቀጥሎ ሜዳው ላይ ነዳጅ ስጥና ልቀቅ። ስትሰጥና ስትለቅ ድምፁ የሚለዋወጥ ከሆነ የኋላውን ኮሮናና ፒኞን (የዲፈረንሻሉን ጥርሶች) ጠርጥር። ብትሰጥም ብትለቅም አንድ ሆኖ ኩርባ ላይ ብቻ ከተለወጠ ኩሽኔታ ነው። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ክብደቱ ግራ ጎማ ላይ ይወድቃል፤ ያኔ ከባሰ ጥፋተኛው የግራው ነው።

ዲፈረንሻሉንም ለማየት መገልበጥ አያስፈልግም። የታችኛውን ቡሽ ፈትተህ ዘይቱን ተመልከት። ማግኔቱ ላይ ጥቁር ልስልስ ነገር ቢኖር የተለመደ ነው፣ የብረት ስባሪ ካለ ግን አይደለም። ዘይቱ ነጣ ብሎ ከደፈረሰ ውሃ ገብቶበታል። በቁልቁለት ግሎ የወረደ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲነከር ውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይኮማተራል፤ መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ በፓራውሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ በሚይዘው ጎማ) በኩል ውሃ ይስባል። መተንፈሻውን ማጽዳት ገንዘብ አይጠይቅም፣ የሚያጸዳው ግን የለም።

አስፋልት ላይ ኤች4 (አራቱም ጎማ የሚነዳበትን) አስገብተው የሚነዱም አሉ፤ ይቺ መኪና በፊትና በኋላ መካከል ዲፈረንሻል የላትም፣ ደረቅ መንገድ ላይ ራሷን ነው የምታስጨንቀው።

የሞላሌው፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጎማውን አዟዟርኩ፣ ለውጥ የለም። ሃቡን ፍሪ አድርጌ ነዳሁት፣ ያው ነው። ነዳጅ ብሰጥም ብለቅም አንድ ነው። ቀኝ ኩርባ ላይ ግን ይብሳል፣ ግራ ስይዝ ጸጥ ይላል። የፊት ግራውን በክሪክ አንስቼ ባሌስትራው ላይ እጄን አሳርፌ ጎማውን ሳዞረው መዳፌን ያንዘረዝረዋል፤ በቀኝ በኩል እንዲህ የለም። ላይና ታች ይዤ ስነቀንቀውም ጨዋታ አለው። የኩሽኔታውን ዳዶ ባጠብቀው ይበቃ ይሆን?

ባለመፍቻው፦
የተላጠ ኩሽኔታ ማጥበቅ አያድነውም፣ ጭራሽ ያግለዋል። የውስጡንም የውጩንም ከነቀለበታቸው ቀይር፤ አዲስ ኩሽኔታ አሮጌ ቀለበት ላይ አይገጠምም። ሞዞውን (ጎማው የሚታሰርበትን፣ ኩሽኔታው ያለበትን ብረት) ስታወጣ ግሪሱን እይ። ቀጥኖ የማርሽ ዘይት የሚሸት ከሆነ ዘይቱ ከዲፈረንሻሉ በሴሚያሱ (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው በሚሄደው ዘንግ) ፓራውሊዮ አልፎ መጥቷል። ፓራውሊዮውን ሳትቀይር ብትዘጋው አዲሱም ግሪሱ ታጥቦበት በአጭር ጊዜ ይጮሃል፤ የዲፈረንሻሉንም ዘይት ሙላው።

ስትገዛ «የላንድክሩዘር ስጠኝ» አትበል፣ አሮጌውን ይዘህ ሂድና ቁጥሩን አስተያይ። ከገጠምክ በኋላ እስከ ጫጫ ነድተህ ፍሬን ሳታበዛ ቁምና ሁለቱንም የፊት ሞዞ በእጅህ ጀርባ ንካ። የግራው ከቀኙ በጣም ከጋለ ጠብቋል ማለት ነው፤ ዳዶውን ትንሽ አላላውና መልሰህ ሞክረው።