ያረጀውን የአናሎግ ትራንስሚተር በዲቪቢ-ቲ2 እንተካ ወይስ ሳተላይቱ ይበቃናል?

ኬብል_ጎታች፦
ሰላም ለቤቱ። በቪኤችኤፍ (ዝቅተኛው የቴሌቪዥን ድግግሞሽ ክልል) የሚሠራ 1 ኪሎዋት የአናሎግ ትራንስሚተር ያለው የክልል ጣቢያ ነው፤ ፕሮግራሙ በሳተላይትም ይወጣል። መለዋወጫው እየጠፋ ስለሆነ "ዲጂታል ግዙ" ተብሏል። ለ1 ኪሎዋቱ ምትክ ስንት ዋት ይበቃል? ማማውና አንቴናው ያገለግላሉ? ለአንድ ቻናል ብቻስ ያዋጣል?

ማማ_ላይ፦
ከመጨረሻው ልጀምር፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ዲቪቢ-ቲ2 (ከማማ የሚሰራጭ ዲጂታል ቴሌቪዥን ደረጃ) በ8 ሜጋኸርዝ ውስጥ በ32ኬ (የንዑስ ተሸካሚ ሞገዶቹ ብዛት)፣ 256-ኪውኤኤም (መረጃው በሞገዱ ላይ የሚጫንበት ዘዴ)፣ ኮድ ሬት 2/3 (ከሦስት ቢት ሁለቱ ፕሮግራም፣ አንዱ ስህተት ማረሚያ) እንግሊዝ ውስጥ 40.2 ሜጋቢት በሰከንድ ይሰጣል። እዚያ ጋርድ ኢንተርቫሉ (ዘግይቶ የሚደርስ ሞገድ እንዳይረብሽ የሚተው የጊዜ ክፍተት) 1/128 ነው። 1/16 ስታደርጉት ወደ 37 ይወርዳል፤ የሚሰጣችሁ ቻናል የቪኤችኤፍ 7 ሜጋኸርዝ ከሆነ ደግሞ በ7/8 አባዙት። አንድ ኤችዲ በኤች.264 (ቪዲዮ ማመቂያ) ከ5 እስከ 6 ሜጋቢት ይበቃዋል። ድግግሞሹን ብቻችሁን ከያዛችሁት ቀሪው በባዶ ፓኬት ተሞልቶ ይወጣል፣ የመብራት ቆጣሪው ግን ለሙሉው ይቆጥራል። ስለዚህ "የትኛውን ትራንስሚተር?" ከማለት በፊት "ከማን ጋር?" በሉ።

ኃይሉን በተመለከተ፣ አናሎግ የሚለካው በሲንክ ጫፍ (ሞገዱ ከፍተኛ በሚሆንበት ቅጽበት) ነው፣ ዲጂታል በአማካይ። የአናሎጉን ሽፋን ለመተካት ከ200 እስከ 250 ዋት ዲጂታል ጥሩ መነሻ ነው። "አምፕሊፋየሩ ደህና ነው፣ ኤክሳይተሩን (ሲግናሉን የሚፈጥረውን ክፍል) ብቻ እንቀይር" የሚል ካለም ከዚህ በላይ አታስጎትቱት። የዲጂታል ሞገድ ጫፉ ከአማካዩ ከ10 ዲቢ በላይ ስለሚዘል አምፕሊፋየሩ ይቆርጠዋል፤ የጎን ትከሻው (ከቻናሉ ውጭ የሚፈሰው ኃይል) ያብጣል፣ ኤምኢአሩ (የሲግናሉ ጥራት መለኪያ) ይወርዳል። ከማስክ ፊልተሩ (ያንን ፍሳሽ ከሚቆርጠው ማጣሪያ) በኋላ ትከሻው ከ36 ዲቢ በላይ ዝቅ ያለ፣ ኤምኢአሩ ቢያንስ 33 ዲቢ ካልሆነ አትረከቡ።

ማማው ያገለግላል። አንቴናው የሚያገለግለው ግን አዲሱ ፈቃድ በቪኤችኤፍ ከሆነ ብቻ ነው። ከ470 እስከ 694 ሜጋኸርዝ ከተሰጣችሁ አንቴናውም ይቀየራል፣ ኬብሉም እንደገና ይለካል፤ በዚህ ከፍ ባለው ክልል (ዩኤችኤፍ) ብክነቱ ይበዛል።

ሁለት_ማማ፦
በላይኛው እስማማለሁ። ሁለተኛ ማማ የሚታሰብ ከሆነ ግን ጋርድ ኢንተርቫሉን አሁኑኑ ወስኑ። በ32ኬ፣ በ8 ሜጋኸርዝ አንድ ሲምቦል (በአንዴ የሚላክ የመረጃ ጥቅል) 3584 ማይክሮሰከንድ ነው፤ 1/16 ማለት 224 ማይክሮሰከንድ፣ በርቀት 67 ኪሎ ሜትር ገደማ። የሁለቱ ማማዎች ሞገድ ከዚህ በላይ ተዘግይቶ የሚደርስበት ቦታ ላይ አንዱ የሌላው ረባሽ ይሆናል።

በአንድ ድግግሞሽ ለማሰራጨት ሁለቱም ማማዎች ያንኑ ቢት በያንኑ ቅጽበት ማውጣት አለባቸው። ቲ2-ኤምአዩ (ለማማዎቹ ተዘጋጅቶ የሚላከው የመረጃ ጅረት) ከአንድ ጌትዌይ (አዘጋጅ መሣሪያ) ብቻ ይነሳ። በሁለተኛው ማማ ላይ ሌላ መልቲፕሌክሰር (ፕሮግራሞችን የሚያጣምር መሣሪያ) ጣልቃ ከገባ ቢቱ ይለያያል፤ በሁለቱ መሀል ያለው ሰፈር ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖ ሥዕል ያጣል። የማማዎቹን ሰዓት የሚያስማማው ጂፒኤስ ሲጠፋ ትራንስሚተሩ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሱን እንዲዘጋ አስተካክሉት። ክፉ ሲመስል ደጉ እሱ ነው፤ የተንሸራተተ ትራንስሚተር የጎረቤቱንም ሽፋን ያጠፋል።

ሒሳብ_ሹም፦
ስለ ዋት ብዙ ተባለ፤ ተመልካቹ የታለ? አገራችን ውስጥ ጣሪያው ላይ ያለው ዲሽ ነው። ስርጭቱ ከናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ወደ ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ሲዞር ሰው ዲሹን አዙሮ ወይም ሁለተኛ ዲሽ ተክሎ ተከተለ። የሳተላይት ሪሲቨሩ ቲ2 አይቀበልም፤ የድሮ ዲቪቢ-ቲ ሪሲቨርም አይቀበልም። ስለዚህ መጀመሪያ ገበያ ውጡና የሚሸጡትን ቴሌቪዥኖች መግለጫ አንብቡ፤ ዲቪቢ-ቲ2 እና ኤችኢቪሲ (ከኤች.264 የተሻለ ማመቂያ) የሚሉት ስንቶቹ ናቸው? ኤችኢቪሲ ቢትሬቱን ወደ ግማሽ ያወርዳል፣ የማይፈታው ቴሌቪዥን ግን ድምፅ ብቻ ይሰጣል።

የሳተላይት ኪራይ የሚከፈለው በዶላር ነው፣ ያውም በየጊዜው። 36 ሜጋኸርዝ ትራንስፖንደር (የሳተላይቱ ማስተላለፊያ) በሰከንድ በ30 ሚሊዮን ሲምቦል፣ በ8ፒኤስኬ (የሳተላይቱ መረጃ መጫኛ ዘዴ) 3/4 ወደ 66 ሜጋቢት ይይዛል፤ የእናንተ ድርሻ የሚሰላው ከዚያ ላይ ነው። ምድራዊው አንድ ጊዜ በዶላር ይገዛል፣ ከዚያ በኋላ መብራቱም ጥበቃውም በብር ነው። ይህን የአምስት ዓመት ሒሳብ ጎን ለጎን ሳታዩ አትፈርሙ።

የማሰራጨቱ ባለቤትነትም ቀላል ነገር አይደለም። ኬንያ ውስጥ በየካቲት 2007 ዓ.ም. ትልልቆቹ የግል ጣቢያዎች በራሳችን መረብ እናሰራጭ በሚል ከተቆጣጣሪው ጋር ተፋጥጠው ለሳምንታት ከአየር ወጥተው ነበር። የጋራ መልቲፕሌክስ (ጣቢያዎች የሚጋሩት አንድ ዲጂታል ጅረት) ውስጥ ከገባችሁ ዝቅተኛው ቢትሬታችሁ ውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ። ካልተጻፈ ኳስ የሚያሳየው ጎረቤታችሁ ቢቱን ሲጠጣ የእናንተ ዜና በካሬ በካሬ ይቆራረጣል።

ኬብል_ጎታች፦
ተባረኩ። አናሎጉ እስኪሞት ድረስ ብንጠብቅስ?

ማማ_ላይ፦
በጄኔቫው የ2006 እ.ኤ.አ. የዲጂታል ስርጭት ድግግሞሽ ስምምነት ለቪኤችኤፍ አናሎግ የተራዘመው ቀን እንኳ ሰኔ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. አልፏል። ከድንበር ማዶ ዲጂታል ቢረብሻችሁ ከለላ የላችሁም። መጠበቁን ለፈቃዱ ተጠቀሙበት፤ ድግግሞሹ በጽሑፍ ሳይሰጣችሁ አንቴና አትዘዙ፣ የሚሠራው በቻናሉ ልክ ነው።