እርዱኝ! 10 ሰዓት ላይ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ወንድሜ ውሸት አያልቅበትም

የሽንዲዋ፦
ሰላም ናችሁ? ቶሎ መልሱልኝ። ታላቅ ወንድሜ የአባታችንን ጤፍ ቡሬ ወስዶ ሸጠው። ኩንታሉን በስንት እንደሸጠ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት፣ ሦስት ዋጋ ነገረኝ። ዓይኑን እንኳ አያሽም! ስይዘው "ያስተማርኩሽ እኔ" ብሎ ይቆጣል። ያስተማረኝ አባቴ ነው። የዕድሩን ድንኳን ሁላችንም አዋጥተን ገዝተን፣ እሱ "በኔ ብር ነው" ይላል። ናርሲስት የሚሉት ይሄ ነው? ሽማግሌ ፊት እንዴት ላጋልጠው?

መምህሩ፦
እህቴ፣ ቃሉ የመጣው ውኃ ውስጥ የራሱን መልክ አይቶ ከወደደው ከግሪኩ ናርሲሰስ ተረት ነው። የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር በ1980 እ.ኤ.አ. የስብዕና ችግር ብሎ በአእምሮ ሕመም መመሪያው አስገባው። ዘጠኝ መስፈርት አለው፤ ቢያንስ አምስቱ መሟላት አለባቸው። ከዘጠኙ "ይዋሻል" የሚል የለም። ማታለል የሰፈረው ጸረ-ማኅበራዊ በሚባለው ሌላ የስብዕና ችግር ሥር ነው። ራስን ማግነንና የአድናቆት ጥማት ግን አሉበት። የድንኳኑ ወሬ ከዚያ ይመጣል...

ጭልጋው፦
መምህር፣ ሽማግሌው 10 ሰዓት ነው እኮ 😂 እኛ ይሄን "ጉረኛ" እንለው ነበር። በግሪክኛ ሲጠሩት ተወደደ።

ደጀኔ፦
ማስረጃ ያዢ። ብሩ በእጅ ነው በቴሌብር?

የፈረስ ቤቷ፦
አንቺ ልጅ፣ በሽታ ማን አወጣለት? ዕዳ የያዘው ሰውም ሦስት ዋጋ ይናገራል። ጉረኛ ሁሉ ሌባ አይደለም። አባትሽስ ምን አሉ? እሱን አልነገርሽንም።

የሽንዲዋ፦
በቴሌብር ነው። ገዢውን አውቀዋለሁ። አባቴ ዝም ብሏል፣ የበኩር ልጁ ነዋ።

ደጀኔ፦
ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል! ገዢው ስልክ ላይ የላከው ብር ከነቀኑ አለ። አሁኑኑ ደውይለት።

ጭልጋው፦
ቀልዴን ልተው። ሰው መሀል "ውሸታም" እንዳትይው። እንዲህ ያለው ሰው ከሚያፍር ቤቱ ቢፈርስ ይመርጣል፣ በውሸት ላይ ውሸት ይደራርብልሻል። "ጋሼ፣ ሒሳቡ ተደባልቆብህ ይሆናል፣ አብረን እንደምረው" በይና ቁጥሩን አስቀምጪ። መውጫ ስጪው። የቅኔ አገር ሰው አይደለሽ? ሰሙን ለሱ ተይለት፣ ወርቁን ያዢ።

ቆሎ ተማሪ፦
ማስረጃ ያዢ።

ደጀኔ፦
ተብሏል እኮ ወንድሜ!

የፈረስ ቤቷ፦
አባትሽንም አስቀድመሽ አናግሪ። ጤፉ የሳቸው ነው፣ ያንቺ አይደለም።

ደጀኔ፦
12 ሰዓት አለፈ። የሽንዲዋ፣ ገዢው ስልኩን አነሳ?

ጭልጋው፦
ጠላ እየቀዳች ይሆናል።