እህቴ ከአሜሪካ መጥታ እኛ ጋ ናት፤ የአንኢምፕሎይመንቱን ሳምንታዊ ፎርም ከዚህ ሆና መሙላት ትችላለች?

የአራብሳዋ፦

ሰላም ወገኖች። የምጠይቀው ስለ ታላቅ እህቴ ነው። ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው፤ ሆቴል ውስጥ ትሠራ ነበር። ሆቴሉ ሰው ሲቀንስ እሷም ወጣች። አንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው በየሳምንቱ የሚከፈል ድጎማ) አመልክታ ተፈቀደላት፣ በየሳምንቱም ይገባላት ነበር። በዚህ መሃል አባታችን አረፉ። ባገኘችው ትኬት መጣች። አሁን ቦሌ አራብሳ እኔ ጋ ናት፤ አርባው ሳይወጣ አልሄድም ብላለች።

ጭንቋ እሁድ ሲመጣ ነው። ሳምንታቸው ቅዳሜ ያልቃል። ከዚያ ገብታ ያለፈውን ሳምንት ጥያቄ መመለስ አለባት። ባለፈው ሞከረች። የኮንዶሚኒየም ነገር ታውቁታላችሁ፣ ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም። ነጠላዋን እንደለበሰች ደረጃው ላይ ቆማ ስልኩን ወደ መስኮቱ ትዘረጋለች፣ ለቀስተኛው በጎኗ ይወጣል ይወርዳል። ገጹ ይመጣና "መግባት አይቻልም" ብሎ ይዘጋባታል።

አንዱ ዘመዳችን "ቪፒኤን አውርጂ" አላት፤ ስልኩን ሌላ አገር ያለ የሚያስመስል አፕ ነው። ሜሪላንድ ያለች የአክስታችን ልጅ ደግሞ "ፓስወርዱን ላኪልኝ፣ እኔ እሞላልሻለሁ" ትላለች። እህቴ ግራ ገብቷታል። ከጥያቄዎቹ አንዱ "በዚህ ሳምንት ለመሥራት ዝግጁ ነበርሽ ወይ?" የሚል ነው። "ጤነኛ ነኝ፣ ሥራ እፈልጋለሁ፣ ለምን አይደለሁም እላለሁ?" ትላለች። እዚያ የኖራችሁ እስቲ ምከሩን። ካልሞላችስ ገንዘቡ ቀረ ማለት ነው?

አቋራጭ፦

ይሄ ምን ያስጨንቃል? ቪፒኤን አውርዳ አሜሪካ የሚለውን መርጣ ትግባ። ጓደኛዬ ዱባይ ሆኖ ሲሞላ ከረመ፣ ማንም ምንም አላለውም።

የለገጣፎው፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

አቋራጭ ወንድሜ፣ እባክህ ሰው ገደል አትክተት። እኔ ቨርጂኒያ ብዙ ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት፤ አንኢምፕሎይመንትም ወስጄ አውቃለሁ። ቪፒኤን ገጹን ይከፍት ይሆናል። ጥያቄውን ግን አይመልስላትም። ብዙ ስቴቶች ከውጭ አገር የሚገባን ሰው የሚዘጉት አስበውበት ነው። የሌላ ሰው ስም ይዞ የሚያመለክት ሌባ በዝቶባቸዋል። ደግሞም ከአሜሪካ የወጣ ሰው ለወጣበት ሳምንት በአብዛኛው አይከፈለውም።

እህትሽን የጠየቋት ሥራ ትወጃለሽ ወይ ብለው አይደለም። ነገ ጠዋት ሆቴሉ ደውሎ "ነይ" ቢላት ትደርሳለች ወይ ነው። አራብሳ ተቀምጣ ለቀስተኛ እያስተናገደች እንዴት አድርጋ ትደርሳለች? ስለዚህ እዚህ ላለችባቸው ሳምንታት እውነተኛው መልስ "ዝግጁ አልነበርኩም" ነው። ከዚህ ሆና በኢንተርኔት አሥር ሥራ ብታመለክትም መልሱ ያው ነው። ሰዉ ፎርሙን እንደ ተራ ነገር ያየዋል፣ አዎ አዎ እያለ ነክቶ ያልፋል። ግን በየሳምንቱ "የሞላሁት እውነት ነው" ብላ ነው የምትፈርመው።

የአክስታችሁ ልጅ በደግነት ነው፣ አውቃለሁ። ፓስወርዱን ግን እንዳትሰጣት። ሌላ ሰው በስሟ ሞላ ማለት ሁለቱም ተጠያቂ ሆኑ ማለት ነው።

አውቃ የተሳሳተ ነገር ሞልታለች ካሏት ሳይገባት የወሰደችውን ሁሉ ትመልሳለች። በዚያ ላይ ቢያንስ 15 በመቶ ቅጣት አለው፤ ይሄ የፌዴራል ሕግ ስለሆነ የትኛውም ስቴት ከዚያ አያወርደውም። ካልከፈለች ደግሞ ከታክስ ተመላሿ ላይ ሊቆርጡት ይችላሉ። የዱባዩ ጓደኛህም እስካሁን አልጠየቁትም ማለት ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። ደብዳቤው ከስንት ጊዜ በኋላ የመጣባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን ወደ ደጉ ነገር ልምጣ። ገንዘቡ አይቀርባትም። ቨርጂኒያ እንደ ቀድሞ ደሞዟ ከ12 እስከ 26 ሳምንት ነው የሚሰጠው። ካመለከተችበት ቀን ጀምሮ የአንድ ዓመት ጊዜ አላት። የዘለለቻቸው ሳምንታት ገንዘብ ከተፈቀደላት ጠቅላላ ላይ አይቀነስም፤ ዓመቱ እስኪያልቅ ይጠብቃታል። ሳትሞላ ስትቆይ ክሌይሙ፣ ማለትም ማመልከቻዋ፣ ይተኛል፣ ስትመለስ እንደገና ታስከፍተዋለች። በቃ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እነሱ ደብዳቤ ይወዳሉ። እሷ እዚህ እያለች ውሳኔ ጽፈው ቤቷ ቢልኩና ባትስማማበት፣ ቨርጂኒያ ይግባኝ የሚባለው በ30 ቀን ውስጥ ነው። ሜሪላንድማ 15 ቀን ብቻ ነው። አብራት የምትኖር ሰው ካለች ፖስታ ሳጥኑን እያየች ፎቶ ትላክላት።

በነገራችን ላይ ብዙ አበሻ ስለ አንኢምፕሎይመንት ያለው ግምት ከኮሮና ጊዜ የቀረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በየሳምንቱ 600 ዶላር ጭማሪ ነበር፤ ሥራ ፍለጋውንም ብዙ ስቴት አላልቶት ነበር። ያ ጊዜ አልፏል። ዛሬ የት እንዳመለከተች፣ በስንት ቀን፣ በምን መንገድ ብለው ይጠይቋታል። ደብተር ትያዝ።

ገላን፦

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ሥራ ፈተህ በየሳምንቱ ይከፈልሃል! እኔ ገላን አንድ ፋብሪካ አራት ዓመት ሠርቼ "ሥራ ቀንሷል" ተብለን ብዙ ሆነን ወጣን። የወሩን ደሞዝ ሰጥተው ሸኙን። ለእኛስ ምን አለን?

የሠራተኛው ልጅ፦

ገላን፣ በየሳምንቱ የሚሰጥ የለም። ባዶ እጅህን የሚሸኝህ ሕግም ግን የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን አንብብ። በሠራተኛ ቅነሳ ከወጣህ የስንብት ክፍያ አለህ። ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደሞዝህ በ30 ተባዝቶ ይታሰባል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ቅነሳ ስለሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደሞዝ በላዩ አለ።

በብር ላስላልህ። ደሞዝህ 6,000 ብር ነው እንበል። የመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ የቀሩት ሦስት ዓመታት 2,000 እያሉ ሌላ 6,000። የ60 ቀኑ 12,000። ድምሩ 24,000 ብር ነው፣ ግብር ሳይነሳለት። ለቅነሳ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ይገባህ ነበር፤ ካልሰጡህ ያንን በገንዘብ ትጠይቃለህ። ያልወሰድከው የዓመት ፈቃድም ይታሰባል።

ይሄ ሁሉ ከወጣህ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል ነበረበት። አሁን ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ከሥራ መቋረጥ የሚመጣ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። "ዛሬ ነገ እንከፍላችኋለን" እያሉ ወሩን ያስበሉሃል፣ አትስማቸው። የሥራ ልምድ ወረቀትህን ተቀበል፣ ከዚያ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያይ የመንግሥት ቢሮ ሂድ። ካልሆነም ፍርድ ቤት አለ፤ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ገላን፦

ኧረ ተባረክ። እኔ 6 ወር የሚለውን አልሰማሁም ነበር። ገና ሦስተኛ ወሬ ነው፣ ሰኞ ልጆቹን ሰብስቤ እሄዳለሁ።

የአራብሳዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የለገጣፎው ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። "ታዲያ ይሄን ሁሉ ደረጃ ላይ ቆሜ የምንቀጠቀጠው ለምኑ ነው!" ብላ ስልኩን አስቀመጠችው። የቀረን አንድ ጥያቄ ነው። የተነሳችው ረቡዕ ነው። ከእሁድ እስከ ማክሰኞ እዚያው ነበረች፣ ሥራም አመልክታለች። ያ ሳምንት እንዴት ይሆናል? ስትመለስስ ከየት ትጀምር?

የለገጣፎው፦

ለዚያ ሳምንት የሆነውን እንዳለ ትናገር። እስከ ማክሰኞ ነበርኩ፣ ረቡዕ በለቅሶ ምክንያት ከአገር ወጣሁ ትበል። ይከፈላት አይከፈላት የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እውነቱን ጽፋ ብትከለከል ቅጣት የለውም።

ስትመለስ ደግሞ የጉዞው ድካም ይውጣልኝ ብላ እንዳትቀመጥ። እንደገባች ክሌይሙን ታስከፍት። የሚቆጠርላት ካስከፈተችበት ሳምንት ጀምሮ ነው፤ ወደኋላ መልሱልኝ ብትላቸው አብዛኛውን ጊዜ እሺ አይሉም። ትኬቱንና ቦርዲንግ ፓሱን አትጣል። የወጣችበትንና የገባችበትን ቀን አሳዪ ቢሏት ፎቶ አንስታ ትልክላቸዋለች።